ዘጠኝ ዕቃ የተለወጠላት መኪና፦ ያረጀ የሞተር ኮምፒዩተርን ስለማቆየት ከባሕር ዳር የተመዘገበ ጉዳይ

መነሻ

በየካቲት 2016 ዓ.ም. አንዲት የቤት መኪና በገመድ ተጎትታ ባሕር ዳር ወዳለው ጋራዣችን ገባች። ከኋላ ወንበሯ ላይ አንድ የቢራ ካርቶን ነበር። በካርቶኑ ውስጥ ካለፉት ስድስት ወራት ወዲህ ከእሷ የወለቁ ዕቃዎች በጋዜጣ ተጠቅልለው ተደርድረዋል፦ አራት ኮይል (ለካንዴላ እሳት የሚሰጥ)፣ የክራንክ ሴንሰር (የሞተሩን ዙር የሚያነብ)፣ የኦክስጅን ሴንሰር፣ የአየር መጠን መለኪያ ሴንሰር፣ የቤንዚን ፓምፕና ሞተሪኖ። ባለመኪናው ጡረታ የወጡ የሒሳብ መምህር ናቸው፤ የወለቀ ነገር አይጥሉም። ሥራው ካለቀ በኋላ ዘጠኙንም አንድ በአንድ ፈተሽናቸው። የተበላሹት ሁለት ብቻ ነበሩ፤ አንዱ ኮይልና የቤንዚን ፓምፑ። ሰባቱ ደህና እያሉ ተነቅለው በምትካቸው አዲስ ተገዝቷል።

ይህን ጽሑፍ ያስጻፈኝ ያ ካርቶን ነው። የመኪና ኤሌክትሪሻን ነኝ፤ እንዲህ ያለ ካርቶን በየጊዜው አያለሁ። የሰዎቹን፣ ቀደም ብለው መኪናዋን የነኩትን ጋራዦችና የመኪናዋን ብራንድ ስም ትቻለሁ። የደረሰው ነገር በየትኛውም ብራንድ ላይ ሊደርስ ይችላልና።

መኪናዋና ዘመኑ

መኪናዋ እ.ኤ.አ. በ2006 የተሠራች፣ ባለ 1.8 ሊትር ቤንዚን ሞተርና አውቶማቲክ ካምቢዮ ናት። ለአሜሪካ ገበያ ስለተሠራች ርቀት የምትቆጥረው በማይል ነው። ወደ እኛ ስትመጣ 141,000 ማይል፣ ማለትም ወደ 227,000 ኪሎ ሜትር ትቆጥር ነበር። መምህሩ የያዟት ከ2003 ዓ.ም. ጀምሮ ነው። ሞተሩ ዘይት አይበላም፣ አካሏ አልዛገም። በሜካኒክ ዓይን ገና ብዙ ዓመት የምትሄድ መኪና ናት።

«ሽጠው ሌላ አይገዙም ወይ?» የሚል አንባቢ ይኖራል። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186/2012 ያገለገለ መኪና ዕድሜው በጨመረ ቁጥር ታክሱም እንዲከብድ አድርጓል። በ2016 ዓ.ም. አጋማሽ ደግሞ በኤሌክትሪክ የማይሠሩ የቤት መኪኖች ወደ አገር እንዳይገቡ ተወሰነ። በጡረታ ደመወዝ ለሚኖር ሰው ያለችው መኪና የመጨረሻዋ ልትሆን ትችላለች። አገር ውስጥ ያሉት የቤንዚን መኪኖች አብረውን ያረጃሉ ማለት ነው፤ እኛም በማርጀት ላይ ያለ ኤሌክትሮኒክስ መጠገን መልመድ አለብን።

የድሮው ሜካኒክ የሚያውቀው ካርቡሬተርና ፑንቲና ቢያንስ በዓይን ይታይ ነበር። በ2006 ስሪት መኪና ውስጥ ግን የቤንዚኑን መጠን፣ የእሳቱን ሰዓት፣ የማርሹን ቅያሪ፣ ሚኒሞውንም (ነዳጅ ሳይሰጠው ሞተሩ የሚዞርበትን ፍጥነት) ጭምር የሚወስነው አንድ የአሉሚኒየም ሳጥን ነው። በዚህች መኪና ሳጥኑ ያለው ከተሳፋሪው ፊት፣ ከዳሽቦርዱ ኪስ ጀርባ ነው። እኛ ኢሲዩ እንለዋለን፤ ደንበኞች «ኮምፒዩተሩ» ይላሉ።

ችግሩ

የመጀመሪያው ምልክት የታየው በነሐሴ 2015 ዓ.ም. ነው። ሌሊቱን ከባድ ዝናብ ጥሎ ሲያድር ጠዋት የቼክ ኢንጅን መብራት ይበራል፣ ሞተሩ ሁለት ሦስት ጊዜ ተነሥቶ ይጠፋል፣ ከዚያ ቀኑን ሙሉ ደህና ትውላለች። ከጥቅምት በኋላ ዝናቡ ሲቆም ችግሩም የቆመ መሰለ። በኅዳር ሌላ መልክ ይዞ ተመለሰ። አሁን የምትጠፋው በቀትር ነው። ፀሐይ ላይ ቆማ ከቆየች በኋላ ትነሣለች፤ አሥር ደቂቃ ያህል ትሄድና ያለ ምንም ማስጠንቀቂያ ቀጥ ትላለች። ግማሽ ሰዓት ጥላ ውስጥ ካረፈች ደግሞ እንዳልሆነች ሆና ትነሣለች። በመሀሉ ከሁለተኛ ወደ ሦስተኛ ማርሽ ስትቀይር ሰው ከኋላ የገፋት ያህል ትመታለች።

መኪናዋን ያዩት ሦስት ባለሙያዎች ናቸው። ሁሉም ስካነር (የኢሲዩውን የብልሽት ኮድ የሚያነብ መሣሪያ) ሰክተዋል፤ ሁሉም ያገኙትን ኮድ አንብበው ኮዱ የጠራውን ዕቃ ለውጠዋል። ኮድ ፒ0335 ሲወጣ የክራንክ ሴንሰር፣ የኮይል ኮድ ሲወጣ ኮይል፣ ፒ0171 (ነዳጅ አንሶ አየር በዝቷል የሚለው) ሲወጣ መጀመሪያ የአየር መለኪያው ቀጥሎም ፓምፑ። ከእያንዳንዱ ለውጥ በኋላ መኪናዋ ለጥቂት ቀናት ደህና ትሆናለች። ይህ ነበር ሁሉንም ያሳሳተው፤ ዕቃ ሲለወጥ ባትሪው ይፈታል፣ ሶኬቶች ይነቀላሉ፣ ይሰካሉ፣ መኪናዋም አንድ ቀን ጥላ ውስጥ ትውላለች። የተሻላት በዚህ ነበር።

እዚህ ላይ አንድ ነገር በግልጽ መባል አለበት። ፒ0335 ማለት «በክራንክ ሴንሰሩ መስመር ላይ ችግር አለ» ማለት ነው። መስመሩ ሴንሰሩን፣ ሁለት ሶኬት፣ አንድ ሁለት ሜትር ሽቦ፣ ማሳውን (ከባትሪው ኔጌቲቭ ወደ መኪናው ብረት የሚሄደውን መስመር) እና ኢሲዩውን ይጨምራል። ስካነሩ መንደሩን እንጂ ቤቱን አይነግርም።

የወሰድናቸው እርምጃዎች

የመጀመሪያውን ቀን ምንም ሳንፈታ ስንለካ ዋልን። ባትሪው ባረፈበት 12.5 ቮልት ያነባል፤ ደህና ነው። ሞተሩ ተነሥቶ በሚኒሞ 14.3 ቮልት። ነዳጅ ሲሰጠው ግን ወደ 15.7 ከፍ አለ። ከ14.8 ማለፍ አልነበረበትም። መምህሩን ስንጠይቅ ከሦስት ዓመት በፊት የዲናሞው ሬጉሌተር (ቮልቱን የሚገድበው ክፍል) መለወጡን አስታወሱ። የገባው ጥራቱ የማይታወቅ ዕቃ ነበር። እንግዲህ መኪናዋ ረጅም መንገድ በሄደች ቁጥር ሁሉም ኤሌክትሮኒክስ ከልኩ በላይ ሲጎርስ ሦስት ዓመት ቆይቷል።

ቀጥለን ማሳውን ለካን። አንዱን የመልቲሜትር ጫፍ የባትሪው ኔጌቲቭ ላይ፣ ሌላውን የሞተሩ ብረት ላይ አድርገን ሞተሪኖውን አስመታን። 1.3 ቮልት አነበበ። ደህና ማሳ ላይ ከ0.2 ብዙም አይዘልም። የማሳውን ብሎን ስንፈታ ከሥሩ ሽቦው ሥጋ እንደሌለው አጥንት ሆኗል፤ በአረንጓዴ ዱቄትም ተሸፍኗል። ከዳሽቦርዱ ሥር ደግሞ አላርም ሲገጠም የማብሪያው ሽቦ ተቆርጦ፣ በጣት ተጠምዝዞ፣ በፕላስተር ተጠቅልሎ አገኘን። ፕላስተሩ ሙጫው ቀልጦ ይንሸራተታል።

ማሳውን በአዲስ ሽቦ ተካን፣ ሬጉሌተሩን ለወጥን፣ የአላርሙን ቅጥያ በሙሉ አንሥተን የተቆረጠውን ሽቦ በሊድ በየድነው። ማሳው 0.1 ቮልት አነበበ፣ ቻርጁ 14.2 ላይ ቆመ። መኪናዋ ሳምንቱን ሙሉ አልጠፋችም። ለመምህሩ «አለቀ» ብዬ አስረከብኳቸው።

በ23ኛው ቀን ደወሉ። ዓባይ ማዶ፣ በቀትር፣ ቆማለች።

ይህ የእኔ ስህተት ነው፤ እንደ ስህተት ተመዝግቦ እንዲቀመጥም እፈልጋለሁ። ሦስት እውነተኛ ብልሽት አግኝቼ ነበር፤ ሦስቱም መጠገን ነበረባቸው። ነገር ግን አንዳቸውም «ለምን በቀትር?» የሚለውን አልመለሱም። ያንን ሳልመልስ ማስረከብ አልነበረብኝም።

የመምህሩ ደብተር

መኪናዋ ስትመለስ መምህሩን፣ «ጋሼ፣ የጠፋችበትን ሰዓት ያስታውሳሉ?» አልኳቸው።

«ማስታወስ ምን ያደርጋል ልጄ፣ ጽፌዋለሁ» አሉና ከኪሳቸው የካሬ ደብተር አወጡ። ከኅዳር ጀምሮ የጠፋችበትን ቀን፣ ሰዓት፣ ከመነሣቷ በፊት ፀሐይ ላይ ወይም ጥላ ውስጥ መቆሟን፣ ስንት ደቂቃ እንደሄደች መዝግበዋል። ሰላሳ አንድ ጊዜ። ነጥብ በነጥብ አድርገው በሰንጠረዥ ሥለውታል። ከሰላሳ አንዱ ሃያ ስድስቱ ከቀኑ በ6 እና በ10 ሰዓት መካከል ናቸው፤ ሃያ ስድስቱም ፀሐይ ላይ ከቆመች በኋላ። ከማታው 1 ሰዓት በኋላ አንድም የለም።

ከእኛ በፊት ይህን ደብተር ማንም አልጠየቃቸውም። እኔም በመጀመሪያው ዙር አልጠየቅኩም። ከነበረን መሣሪያ ሁሉ ይበልጥ የጠቀመን እሱ ነው። የሞተር ሙቀት ቢሆን ማታም ይሞቃል፤ ሞተሩ ሌሊትም ቀንም የሚሠራው በአንድ ሙቀት ነው። ቀንና ሌሊት የሚለየው የመኪናው ሆድ ነው፤ ዳሽቦርዱ፣ ከኪሱ ጀርባ ያለው ሳጥን።

የፀጉር ማድረቂያው ሙከራ

የዳሽቦርዱን ኪስ አወለቅን፤ ኢሲዩው ከነሶኬቱ ተገልጦ ታየ። መኪናዋን ጥላ ውስጥ አስነሥተን ሃያ ደቂቃ ተውናት። አልጠፋችም። ከዚያ ከጎናችን ካለው የሴቶች ፀጉር ቤት ማድረቂያ ተዋስን። ረዳቴ መጀመሪያ የክራንክ ሴንሰሩን ሶኬት አሞቀ፤ ምንም የለም። ኮይሎቹን አሞቀ፤ ምንም የለም። ከዚያ ማድረቂያውን ከኢሲዩው አንድ ስንዝር አርቆ ያዘ። እጄን ሳጥኑ ላይ አድርጌ ነበር፤ ፀሐይ ላይ የዋለ መሪ ያህል ሲሞቅ፣ በስድስተኛው ደቂቃ ላይ፣ ሞተሩ አንዴ ተንፈራግጦ ጠፋ። መልቲሜትሩ ወደ ሴንሰሮቹ የሚሄደው 5 ቮልት ወደ 2.9 መውረዱን ያሳያል። ሳጥኑን በእርጥብ ጨርቅ አቀዘቀዝነው፤ 5 ቮልቱ ተመለሰ፤ ሞተሩም ተነሣ። ሦስት ጊዜ ደጋገምነው። ሦስቴም አንድ ዓይነት ነበር።

ብዙ ሴንሰሮች የሚሠሩት ኢሲዩው በሚልክላቸው 5 ቮልት ነው። እሱ ሲወርድ እነዚህ ሁሉ አንድ ላይ ይዋሻሉ፤ ስካነሩም በየቀኑ የተለየ ኮድ ያወጣል። በካርቶኑ ውስጥ ያሉት ደህና ዕቃዎች በሐሰት የተከሰሱት በዚህ ምክንያት ነው።

ያልሠራው፦ የተገዛው ሳጥን

በመጀመሪያ ያሰብነው ያገለገለ ኢሲዩ መግዛት ነበር። አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ያለ ሰው በስልክ «ያው ናት፣ የዚያው ዓመት ናት» ብሎ ላከልን። ዘጠኝ ቀን ፈጅቶ ደረሰ። ሶኬቱ ልክ ገባ፣ ሞተሩ ተነሣ፣ ደስ አለን። ማርሽ ስናስገባ ግን ካምቢዮው አንድ ማርሽ ላይ ተጣብቆ ቀረ። የሳጥኑን ቁጥር ከኛው ጋር ስናስተያይ የመጨረሻዎቹ ሁለት ፊደላት ይለያያሉ፤ የመጣው የማኑዋል ካምቢዮ መኪና ኢሲዩ ነበር። ሞተሩን ያውቃል፤ አውቶማቲክ ካምቢዮውን የሚያዝበት ክፍል ግን ውስጡ የለም። ሻጩ መልሶ አልተቀበለም። መምህሩ የከፈሉት ገንዘብ በዚህ ጉዳይ ከጠፋው ሁሉ ትልቁ ነው። ተጠያቂውም እኔ ነኝ፤ ከመግዛታችን በፊት የሳጥኑን ቁጥር ፎቶ አስልኬ ብመለከት ኖሮ በአንድ ደቂቃ ይታወቅ ነበር።

ቁልፉ ውስጥ ቺፕ ያለባቸው መኪኖች ላይ ደግሞ ቁጥሩ ገጥሞም ሳጥኑ ላያስነሣ ይችላል፤ ኢሲዩው የሚያውቀው የራሱን ቁልፍ ብቻ ነውና።

ሳጥኑ ሲከፈት

ኢሲዩውን ቴሌቪዥንና ኢንቨርተር ለሚጠግን አንድ ጎልማሳ ባለሙያ ወሰድነው። መኪና ነክቶ አያውቅም፤ ቦርድ ግን ሃያ ዓመት አይቷል። እንዲህ ያለ ሰው በየከተማችን አለ። ጋራዦች እምብዛም አያማክሯቸውም፤ ያሳዝነኛል።

በአጉሊ መነፅር ሦስት ነገር ታየ። ኃይል የሚቆጣጠረው ክፍል እግሮች ዙሪያ ሊዱ እንደ ቀለበት ተሰንጥቋል፤ ስንጥቁ ከፀጉር የቀጠነ ነው፤ በመርፌ ሲነካ እግሩ ይወዛወዛል። ከእሱ አጠገብ አንድ ካፓሲተር ሥሩ ረጥቦ ቦርዱን አጥቁሯል። በሶኬቱ ማዕዘን ደግሞ ውኃ ወርዶ የደረቀበት ነጭ መስመርና አረንጓዴ ዝገት አለ።

ስንጥቁ የሚመጣው ከመሞቅና ከመቀዝቀዝ ነው። የቦርዱና የብረቱ እግር ሲሞቁ የሚሰፉት እኩል አይደለም፤ በመካከላቸው ያለው ሊድ በየቀኑ ይሳባል፣ ይለቀቃል። ከአሥራ ስምንት ዓመት በኋላ ይደክመዋል። የካፓሲተሩም ነገር ከዚህ አይርቅም፤ ሙቀቱ በ10 ዲግሪ በጨመረ ቁጥር ዕድሜው በግማሽ ያህል ያጥራል። 15.7 ቮልቱ ደግሞ ሁለቱንም አፋጥኗል ብዬ አምናለሁ።

ነገሩ ለአንድ መኪና ብቻ የተጻፈ ዕጣ አይደለም። እ.ኤ.አ. በነሐሴ 2010 ቶዮታ በአሜሪካና በካናዳ የተሸጡ ከ2005 እስከ 2008 ስሪት የሆኑ 1.13 ሚሊዮን ያህል ኮሮላና ማትሪክስ መኪኖችን የሞተር ኮምፒዩተራቸው በሊድ መገጣጠሚያው ላይ ሊሰነጠቅ ይችላል ብሎ ለጥገና መልሶ ጠርቷል። በጥሪው ላይ የተዘረዘሩት ምልክቶች የቼክ ኢንጅን መብራት፣ የማርሽ መምታት፣ አለመነሣትና በጉዞ ላይ መጥፋት ነበሩ። በእጃችን ላይ ያለውን መኪና ሻንሲ ቁጥር ይዞ ያልተሠራለት ጥሪ መኖሩን ማየት ይቻላል፤ የአሜሪካ የመንገድ ደኅንነት ተቋም ድረ ገጽ 17ቱን አኃዝና ፊደል ሲያስገቡለት በነፃ ያሳያል። ከአሜሪካ የመጣ መኪና ያለው ሰው ሁሉ ይህን ቢያደርግ እመክራለሁ።

ባለሙያው የተሰነጠቀውን ሊድ መጥጦ አነሣ። በ63/37 ሊድ እግር በእግር በየደ፤ ይህ ዓይነቱ በ183 ዲግሪ ስለሚቀልጥ ቦርዱን አያንገላታም። ካፓሲተሩን እስከ 105 ዲግሪ በሚችል ተካው። ዝገቱን በንጹሕ አልኮልና በለስላሳ ብሩሽ አጠበ፤ ካደረቀ በኋላ እርጥበት የሚከላከል ቫርኒሽ ቀባው። ሥራው አንድ ከሰዓት ፈጀ። ማድረቂያውን መልሰን ተዋስን። ሃያ አምስት ደቂቃ አሞቅነው፤ 5 ቮልቱ አልተነቃነቀም።

ውኃው ከየት መጣ?

እዚህ ላይ ብንተወው ክረምት ሲገባ ትመለስ ነበር። ብዙ ደንበኞቻችን «የጣና አየር ኤሌክትሮኒክስ ይበላል» ይላሉ። ጣና ግን እንደ ባሕር ጨው የለውም፤ ጨዋማ የባሕር አየር በብረት ላይ የሚያደርሰውን ነገር ከእሱ አንጠብቅም። የኛ መኪኖች ውኃ የሚገባቸው ከሌላ በኩል ነው።

ረዳቴን ባትሪ አስይዤ ከዳሽቦርዱ ሥር አስተኛሁት፤ እኔ ከውጭ በዝናብ መጥረጊያዎቹ ሥር ባለው ፍርግርግ ላይ በጀሪካን ውኃ አፈሰስኩ። አንደኛው ጀሪካን ሳያልቅ «መጣ!» ብሎ ጮኸ። ፍርግርጉን ስናነሣ ከሥሩ ያለው ቦይ በማንጎ ቅጠል ተደፍኗል፤ ከታች ያለው ቅጠል አፈር ሆኗል፤ አንድ ቡቃያም በቅሎበታል። መኪናዋ የምታድረው በመምህሩ ግቢ ካለው ማንጎ ሥር ነው። ውኃው መውጫ ሲያጣ በአየር ማስገቢያው በኩል ወደ ውስጥ ይዞራል፤ ከዚያ በሽቦው ላይ እየተንሸራተተ ሶኬቱ ላይ ይንጠባጠባል። የነሐሴው ችግር ይህ ነበር። ቅጠሉን ጠርገን፣ ፍርግርጉ ሥር የወንፊት ሽቦ አደረግን፤ የሽቦውን መስመር ደግሞ ከሶኬቱ በታች ዝቅ ብሎ እንዲታጠፍ አሠርነው፤ ውኃ ቢመጣ እንኳ ከእጥፋቱ ላይ ወደ ምንጣፉ ይንጠባጠባል እንጂ ሶኬት አይገባም።

ውጤት

መኪናዋ የወጣችው በሚያዝያ 2016 መጨረሻ ነው። የባሕር ዳር ሙቀት በሚበረታበት ወር ሆን ብለን ፀሐይ ላይ እያቆምን ሦስት ቀን ሞከርናት። የቤዛዊትን ዳገት አራት ጊዜ ወጣች፤ ማርሹ አልመታም። በግንቦት በተመረቀው አዲሱ የዓባይ ድልድይ ላይ መምህሩ ራሳቸው እየነዱ ሲሻገሩ አብሬ ነበርኩ፤ ዓባይ ማዶ የቆመችበትን ቦታ በጣታቸው አሳዩኝ። ክረምቱንም ያለ ቼክ ኢንጅን መብራት አሳለፈችው።

ከዚህ ጉዳይ የወሰድኩት

አሠራራችንን በሁለት ነገር ለውጠናል። ስካነር ከመሰካታችን በፊት ባትሪ፣ ቻርጅና ማሳ እንለካለን፤ አሥራ አምስት ደቂቃ ነው የሚፈጀው። ከዚያ በፊት የተነበበ ኮድ አናምንም። ሁለተኛው፣ እየመጣ የሚሄድ ብልሽት ያለው ደንበኛ ሲመጣ ደብተር እንሰጠዋለን፦ ቀን፣ ሰዓት፣ ፀሐይ ወይስ ጥላ፣ ዝናብ፣ ስንት ደቂቃ ሄደ። ሁሉም እንደ መምህሩ አይጽፍም፤ የጻፈው ግን ሥራችንን በግማሽ ያቀልልናል።

ባለመኪኖች ራሳቸው ሊያደርጉት የሚችሉት ብዙ ነገር አለ። ከሁሉ በፊት የምጠይቀው ላቫጆ ላይ ሞተርን በከፍተኛ ግፊት ውኃ አለማሳጠብ ነው። የ2006 መኪና የሶኬት ጎማዎች ደርቀዋል፤ ያን ግፊት አይመልሱም። እርጥብ ጨርቅ ይበቃል። ፓራውልት ወይም አካል በኤሌክትሪክ ሲበየድ የባትሪው ኔጌቲቭ ይፈታ። ባትሪ ሲሞት 24 ቮልት ካለው የጭነት መኪና አታስነሡ። ባለፈው ዓመት ብቻ እንዲህ የተቃጠሉ ሁለት ኢሲዩዎች መጥተውልን አንዱንም ማዳን አልቻልንም። አላርም የሚገጥም ሰው የማብሪያውን ሽቦ ሲቆርጥ ካያችሁ አስቁሙት፤ ወይም ቢያንስ በሊድ እንዲበየድ ጠይቁ።

ለሙያ ጓደኞቼ አንድ ነገር። የሞባይል ዳታ ተቋርጦ በነበረባቸው ወራት የሽቦ ንድፍ ማውረድ ስላልቻልን የዚህችን መኪና ኢሲዩ ሶኬት እግር በእግር እየለካን ሁለት ቀን አባክነናል። አሁን በብዛት የሚመጡልንን መኪኖች ንድፍ በሃርድ ዲስክ ይዘናል፤ ለጠየቀ ሁሉ በፍላሽ እንሰጣለን። ኢሲዩ ሲከፈትም ከመነካቱ በፊት በውስጡ ያለው ዳታ ተነቦ ይቀመጥ። ቦርዱ ቢሞት እንኳ ዳታው ለሌላ ሳጥን ነፍስ ይሆናል።

ያልተፈታው

ሻንሲ ቁጥሯን ስናይ ለዚህች መኪና አንድ ያልተሠራ ጥሪ ተመዝግቦ ነበር፤ የፊት ተሳፋሪው የአየር ከረጢት። በዓለም ዙሪያ በሚሊዮን የሚቆጠሩ መኪኖች የተጠሩበት የታካታ ከረጢት ጉዳይ ብዙ አንባቢ የሰማው ይመስለኛል፤ ከረጢቱን የሚነፋው የአሞኒየም ናይትሬት ባሩድ በእርጥበትና በሙቀት መለዋወጥ ሲበላሽ ከልክ በላይ ይፈነዳና ብረቱን ይበትናል። ይህ በመልቲሜትርና በሊድ የሚሠራ ሥራ አይደለም፤ እኛ አልነካነውም፤ ሌላም ጋራዥ እንዲነካው አልፈልግም። ትክክለኛው ምትክ እስኪገኝ ድረስ ከመምህሩ ጎን ማንም እንዳይቀመጥ ተስማማን። በዚያ ወንበር ይቀመጥ የነበረው የልጃቸው ልጅ ነው። አሁን ከኋላ ይቀመጣል፤ የዚያን ቀን ካርቶኑ ተቀምጦበት በነበረው ቦታ፤ ደብተሩንም የሚጽፈው እሱ ነው።